«አልተረጋገጠም» ብለው የፈረሙት እትዬ ምንጩ

ዛሬ በዚህ ቦታ ያሰባሰቡን እናታችን፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «እትዬ ምንጩ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከመሬት ቀያሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከተወለዱት አራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። አባታቸው የመለኪያ ሰንሰለታቸውን ተሸክመው ለወራት ከቤት የሚርቁ፣ እናታቸውም ከስፌት መኪናቸው ቀና የሚሉበት ጊዜ የሌላቸው ሰዎች ስለ ነበሩ፣ እትዬ ምንጩ ልጅነታቸውን ሳይጠግቡት ታናናሾቻቸውን አዝለው አደጉ። ፊደል የለዩት ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ በደንበኞች ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ ከሚሰኩት የስም ወረቀቶች ነው። አንድ ጊዜ የአጭሩን ጎረቤት ሱሪ ለረጅሙ፣ የረጅሙን ለአጭሩ አስረክበው፣ ሁለቱ ሰዎች በሰው ሱሪ ሥራ ውለው ሰፈሩን ሁሉ በሳቅ ሲያፈርሱት፣ እናታቸው ሳይቆጡ ወረቀቶቹን እንደገና አስነብበው ወደየቤቱ የላኳቸው መሆኑን፣ ከሸመገሉም በኋላ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

በትምህርታቸው ከማንም የማያንሱ ስለ ነበሩ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በታሪክ ትምህርት ተቀበሉ፤ ሁለተኛውንም ጀምረው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ከግማሽ ባደረሱበት ጊዜ የእናታቸው ዓይን ጠፋ። የስፌት መኪናው ሲቆም የቤቱም ጉሮሮ አብሮ ተዘጋ። እትዬ ምንጩ ለአንድ ዓመት ብቻ ብለው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ፤ ያ አንድ ዓመት እስከ ጡረታቸው ዘለቀ። የጀመሩት ጽሑፍ ሳያልቅ ቀረ፤ እርሳቸውም ስለዚያ ሲጠየቁ «የሌላ ሰው ልጅ ሳሳድግ የኔ ሳይወለድ ቀረ» ይሉና ወሬውን ያስለውጡ ነበር።

ሥራቸው ከምድር ቤቱ ባለው የማጣቀሻ ክፍል ተቀምጦ፣ ጥናት የሚጽፍ ሁሉ የሚፈልገውን እንዲያገኝ መርዳት ነበር። ተማሪውም መምህሩም የጻፈውን ይዞ ሲቀርብ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ካነበቡ በኋላ ጣታቸውን አንዷ ዐረፍተ ነገር ላይ ያሳርፉና «ምንጩ የት አለ?» ይላሉ። ስማቸውም በዚህ ወጣ። እናታቸው ካወጡላቸው ስም ይልቅ ይህ ቅጽል ስም በአፋችን ስለ ለመደ፣ በቤተሰቡ ፈቃድ ዛሬም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

ትዳር የመሠረቱት ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ጋር ነው። ባለቤታቸው ዝምተኛ፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው ካልሆነ በቀር ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ጎጆ የወጡት በታች ሰፈር፣ ከተጣሉ የመኪና ባትሪዎች እርሳስ እያቀለጠ ከሚሸጥ ሥራ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ሲሆን፣ ቤቷን መርጠው ያገኙት ባለቤታቸው ነበሩ። ዘወትር ጠዋት የመስኮቱን ደፍ ሲወለውሉ ጨርቁ ላይ ግራጫ ትቢያ ይቀር ነበር፤ ማንም ግን ልብ አላለውም። ስምንት ወር የተሸከሙት የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ ሆኖ ተወለደ፤ አላለቀሰም። በጨርቅ ጠቅልለው በእቅፋቸው ያኖሩላቸው በዚያ ቀን ተረኛ የነበሩት ወጣት አዋላጅ ናቸው። አዋላጇ ጥቂት ቀን ቆይተው ሊጠይቋቸው ቤታቸው ድረስ መጡ፤ ሲወጡም በር ላይ ቆመው «ከዚህ ቤት ልቀቁ» አሉ እንጂ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ባልና ሚስቱ ወደ ላይ ሰፈር ተዛወሩ፤ በማግሥቱ ዓመትም ዛሬ ከፊታችን የተቀመጠችው ልጃቸው በእኚያው አዋላጅ እጅ በጤና ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች አንዷ ያለ ሌላዋ የማይሆንላቸው እህትማማች ሆኑ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ ሥራ ቤት በጤና ጠንቅነት ተዘግቶ ባለቤቱም አገር ጥሎ ሲሄድ፣ አዋላጇ ያን ጊዜ ያልተናገሩትን ተናገሩ። ከታች ሰፈር የሚመጡ እርጉዞች ልጆቻቸውን በመጨረሻዎቹ ወራት ሲያጡ ደጋግመው አይተው ነበር፤ ጢሱንና ትቢያውን የጠረጠሩትም ያኔ ነው። ይህን የሰሙት የእትዬ ምንጩ ባለቤት «ቤቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው ብለው ያን ነገር አንስተው አያውቁም። እትዬ ምንጩ ጡረታ ሊወጡ በተቃረቡበት ዓመት ባለቤታቸው ልባቸው በድንገት ቆሞ አረፉ፤ እትዬ ምንጩም «ከምሰሶ ወድቆ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቃል ተሸክሞ ወደቀ» ሲሉ አለቀሱ።

ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው እንዳይብሰለሰሉ በማሰብ እየመራች ወደ እኛ የጡረተኞች የመማማሪያ ማኅበር አመጣቻቸው። እኛ በየጠዋቱ ተሰብስበን ስለ ከዋክብት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ደም ግፊት የሚሰጠንን ትምህርት እንሰማ ነበር። ጥቂት ወራት አብረውን ከሰሙ በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «እንሰማለን፣ እንሰማለን፤ የሚጠይቀን ግን የለም። ዕድሜ ልካችንን ስንሠራ ኖረን አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ያልቋጠረ ሰው ከመካከላችን አለ?» አሉ። ማንም እጁን አላወጣም። በዚያው ሰሞን ፎቁ ላይ የተሰበሩ ወንበሮች የሚጣሉባትን ክፍል አስጠርገው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተርና ፊደል የሚያጎላ መብራት አስገብተው የጥናት ክፍል አደረጓት። ጥያቄ ያለው ጥያቄውን እንዲያጠራ፣ ከእርሱ በፊት የጻፉትን እንዲያነብ፣ የጻፈውንም ለሚገመግም ምሁር እንዲያቀርብ ይረዱ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ቤተ መጻሕፍት «የጡረታ መታወቂያ አያስገባም» ብሎ በር ላይ ሲመልሳቸው፣ ደጁ ላይ ቆመው የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን እየለመኑ ጽሑፎቹን ያስወጡልን ነበር።

ያቺ ክፍል የደስታ ብቻ ክፍል አልነበረችም። የሌላ ቦታ ተመራማሪ የጊዜ ገደቡን ከተቋሙ ይቀበላል፤ የኛን የሚያውቀው ሐኪም ብቻ ነው እያልን እንቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን እያደር መረረ። የአርባ ዓመት ዝናብ ሲያጠኑ የነበሩት የአየር ጠባይ ባለሙያ ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፍተው ሳይዘጉት አለፉ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚው ዓይናቸው ሲጠፋ እትዬ ምንጩ አጠገባቸው ተቀምጠው ያነቡላቸው ጀመር፤ አስተርጓሚውም መጨረሻውን ሳይሰሙ አረፉ። እትዬ ምንጩ ከየቀብሩ ተመልሰው የሟቹን ወንበር ወደ ጠረጴዛው ያስጠጉና «ቀጥሉ» ይሉን ነበር፤ ፊታቸውን ግን ያን ቀን ማንም ደፍሮ አያይም።

አዋላጇ ወደዚያች ክፍል የመጡት የልባቸው ነገር ተስፋ እንደሌለው ከተነገራቸው በኋላ ነው። ደረጃውን ለመውጣት ብዙ ጊዜ እያረፉ ደረሱና ሳይቀመጡ «እህቴ፣ የሞተ ሕፃን ሳዋልድ ነው ያረጀሁት። የታች ሰፈርን ነገር ሳልናገር አልሙት» አሉ።

እትዬ ምንጩም «ትናገሪዋለሽ። ግን ማንም ሊያፈርሰው እስኪያቅተው ድረስ አጥንተነው ነው የምትናገሪው» ሲሉ መለሱላቸው።

ሥራው እንደ ተጀመረ ግን ሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍሉን ወደ አዲስ ሕንፃ ሲያዛውር የድሮዎቹን መዝገቦች እንዳስወገደ ታወቀ፤ የቀረው የእናቶች ትዝታ ብቻ ሆነ። ሁለቱ አሮጊቶች ተደጋግፈው በታች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ። ያን ጊዜ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ለባሎቻቸው እንኳ ያልተናገሩትን ነገሯቸው። እትዬ ምንጩ ቀጥሎ የላይ ሰፈር እናቶችም እንዲጠየቁ ባሉ ጊዜ አዋላጇ ተቆጡ። «ያልተቃጠለ ሰው ቤት ገብተሽ ስለ እሳት ትጠይቂያለሽ?» አሉ።

«ያልተቃጠለ መሆኑን የምናውቀው ስንጠይቀው ነው።»

አዋላጇ በዚህም አልተዉም፤ የእትዬ ምንጩ የራሳቸው ልጅ ከሞቱት ጋር ይቆጠር ሲሉ ጠየቁ። እትዬ ምንጩ ጠያቂዋም መላሿም አንድ ሰው ልትሆን እንደማይገባ ገልጸው ልጃቸውን ከቁጥሩ አስወጡት። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጃንጥላቸውን ክፍሉ ውስጥ ረስተው ዝናብ እየመታቸው ነው የሄዱት።

የተሰበሰበውን ያሰሉት የሒሳብ መምህር የነበሩት፣ ነገር ሁሉ በመካፈል ይፈታል ስለሚሉ «ጋሽ ሲካፈል» የምንላቸው ባልደረባችን ናቸው። ጋሽ ሲካፈል አስልተው፣ ደግመው አስልተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እትዬ፣ ይሄ ነገር አይቆምም። ላይ ሰፈርም እኮ ብዙ ሞተዋል፤ የጠየቃቸው ስለሌለ ነው እንጂ። ያለው ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል» አሉ። እትዬ ምንጩ እንደገና እንዲሠሩት ለመኑ። እንደገና ተሠራ። ማንንም ቁጥር አጣምም ብለው የማያውቁት ሴት በዚያን ቀን ብቻ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «ሌላ መንገድ የለም?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ሲካፈልም «መንገድማ አለ። እውነት አይሆንም እንጂ» አሏቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚህኛው ግን እያደር ደበዘዘ። አዋላጇ በዚህ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እትዬ ምንጩ ሌላ ሰው እንዲነግራቸው አልፈለጉም፤ ራሳቸው ሄደው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡና ጥናቱ የደረሰበትን ነገሯቸው። የእትዬ ምንጩ ልጅ በር ላይ ቆማ የሰማችውን ንግግር፣ በእርሷ ፈቃድ እነሆ እናነባለን።

«ውሸት ጻፊ አላልኩሽም» አሉ አዋላጇ። «የማውቀውን ጻፊ ነው ያልኩሽ።»

«የምታውቂውን በስምሽ እጽፈዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልነካም። ጥናቱ የደረሰበትን ደግሞ በስሜ እጽፋለሁ። ወቀሳው የኔ ይሁን።»

«ልጅሽን ጠቅልዬ የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁም? አንቺስ በሆድሽ አታውቂውም?»

«በሆዴማ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ምንጩ። «በሆዴ ስለማውቀው ነው የፈራሁት።»

አዋላጇ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ምንጩ በማግሥቱም በሠልስቱም ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የተመለሰላቸው ጀርባ ብቻ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ አዋላጇ አረፉ። ከወጣትነት እስከ እርጅና የማይለያዩት እህትማማቾች ሳይታረቁ ተለያዩ፤ በቀብሩም ላይ እትዬ ምንጩ ከቤተሰቡ ጋር መቆም የሚገባቸው ሲሆኑ ከሕዝቡ ኋላ፣ ከመንገዱ ዳር ቆመው ሸኟቸው።

ጥናቱ በሁለት ክፍል ተጻፈ። በመጀመሪያው የአዋላጇ ቃል፣ እንደ ተናገሩት፣ በስማቸው ሰፈረ። በሁለተኛው የተጠየቁት እናቶች ነገር፣ ስሌቱና የጎደለው ማስረጃ ተዘርዝሮ፣ የእርሳሱ ጢስ ልጆቹን ለመግደሉ አልተረጋገጠም የሚለው ቃል ሰፈረና ከሥሩ የእትዬ ምንጩ ፊርማ ብቻ ተቀመጠበት። የማኅበሩ ሰዎች ጽሑፉ ለእናቶቹ በፖስታ ይላክላቸው ብንልም «ልጠይቃቸው በእግሬ ሄጄ፣ መልሱን በፖስታ?» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። ልጃቸው እየደገፈቻቸው ደጅ ለደጅ ዞሩ።

አንዳንዶቹ ሰምተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዳንዶቹ ውኃ ሰጥተው ሸኟቸው። ሦስት ልጆች በሆዳቸው የሞቱባቸው አንዲት አትክልት ነጋዴ ግን ቲማቲም እየለዩ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ «ታዲያ ልጆቼን ምን ገደላቸው?» ብለው ጠየቁ።

«አላወቅንም፣ እህቴ።»

«ካላወቃችሁ ለምን ቀሰቀሳችሁብኝ? እኔ እኮ አስተኝቻቸው ነበር።»

ነጋዴዋ ቅርጫታቸውን አንሥተው ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላም እትዬ ምንጩ ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ፤ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ያን ዕለት እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ በታች ሰፈር ወሬ ተነሣ፤ የሥራ ቤቱ ባለቤት ልጆች ተመልሰው ዝም አሰኝተዋታል፣ ተገዝታ ነው ተባለ። በዘመናቸው የሰው መርፌ ነክተው የማያውቁት ሴት ይህን ሲሰሙ አልተከላከሉም፤ «እኔም በነርሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር» አሉ። ነገር ግን እንቅልፍ አጡ። በእርሳሱ ምድጃ ላይ የሠሩትን ሠራተኞች ሲያፈላልጉ አብዛኞቹ ሞተው አገኙ፤ በሕይወት ያገኟቸው አንድ ሽማግሌ እጃቸው ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ብርጭቆ የማይጨብጡ፣ የራሳቸውንም ስም የሚረሱ ሆነው ተገኙ። አፈሩን ለማስመርመር ጠየቁ፤ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሆኖ በኮንክሪት ተለብጧል። የሚመለከተው ሹም «እናቴ፣ ሲፈርስ ይምጡ» አሏቸው። እትዬ ምንጩ ያን ጊዜ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነበር።

እንዲህ በር ሲያንኳኩ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጥናት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ጽሑፍ ሲያርሙ ብዕራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዙ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ለሌላው ቃል ሲፈልጉ የኖሩት ሴት አንዲት ቃል ፍለጋ ሲያምጡ ማየት አንጀት የሚበጥስ ነበር። ንግግር የምታስተምራቸው ባለሙያ ሥዕሎች እያሳየች ስማቸውን እንዲጠሩ ትሞክር ነበር፤ ለቤቱ ሥዕል ዝም አሉ፤ ለወንበሩ ዝም አሉ፤ ለውሻው ዝም አሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ሥዕል ባሳየቻቸው ጊዜ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ሥዕሉን ወሰዱና «የኔ ነው» አሉ። ባለሙያዋ አጥርታ እንድትሰማ ይመስላል፣ ደገሙት። ልጃቸው ያን ሥዕል ለመነቻትና አስቀረችላቸው፤ ከትራሳቸው ሥር እያኖሩት ሰነበቱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል ሲወጣቸው አልተሰማም። ሳንባቸው ታምሞ ለጥቂት ቀናት ሲተነፍሱ ከደከሙ በኋላ፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ልጃቸው ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው ዐረፉ።

ስለ ሰው በጎውን ብቻ መናገር በዚህ ቦታ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን እርሳቸው ባስተማሩን መንገድ የሆነውን እንደ ሆነ ልንናገር ግድ ይለናል። የለፉበት ጥናት ለማንም መጽናኛ አልሆነም። በጣም የሚወዷቸው ሰው አኩርፈዋቸው ሞቱ። ከጠየቋቸው የታች ሰፈር እናቶች መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ያልመጡትን አንወቅስም። እትዬ ምንጩ እጃቸውን ትንሽ ቢያላሉት፣ አንዲት ቃል ቢለውጡ፣ ወዳጃቸውንም እናቶቹንም ያስደስቱ ነበር፤ ይህን አላደረጉም፤ አለማድረጋቸው ምን እንዳስከፈላቸው ያየን እኛ ነን።

እትዬ ምንጩ የአንዲት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸውን መድኃኒት ቀማሚዋን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ታናሽ እኅታቸውን፣ ጋሽ ሲካፈልንና የጥናት ክፍሉን ባልደረቦች ሁሉ፣ ደግሞም ልጆቻቸው በምን እንደ ሞቱ እስከ ዛሬ ያላወቁ እናቶችን ትተውልን አልፈዋል። በሕይወት ሳሉ ማንም ያልመለሰላቸውን ጥያቄ የሁሉ ፈጣሪ ራሱ ይመልስላቸው፤ ከባለቤታቸውና ከአዋላጇ ጋር ያገናኛቸው፤ ያላለቀሰውን ልጃቸውን በእቅፋቸው ያኑርላቸው፤ ለደከመች ነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።